የሙሽሪት ፀጉር

ሮማ፣ ኅዳር 12 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለዘርፌ፣ ለአክስቴ ልጅ ለወለተማርያም ልጅ፤

ይህ ወረቀት ጉርድ ሾላ ሲደርስ ጤናና ሰላም ከደጃችሁ አንድ ቀን እንኳ ሳይርቅ ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ። ልብስ የሚተኮስበት ቤት ሥራ ይዣለሁ። ማታ እግሬ ያብጣል እንጂ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም።

ወርቄ ስምንት ዓመቷን ደፈነች። ለእግሯ ሐኪሙ ሰኔ ላይ ቀን ቆርጦልናል፤ ይሄኛው ቀዶ ጥገና ከተሳካ ያለ ብረት ትራመዳለች ይላል። ታዲያ ሁለት ጊዜ ስትቀደድ ትንፍሽ ያላለች ልጅ አሁን እምቢ ብላለች። "ሙሽሪት ካልመጣች አልተኛም" ነው የምትለው። አሻንጉሊቷን ነው፤ አባቷ ያመጣላት፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው፣ ስትተኛ ዓይኗን የምትጨፍነው። ለአንድ ወር ሕክምና ብለን ትተናት ወጣን፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሞላን።

እዚህ ገዝቼ ልሸነግላት ብዬ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ስነግረው ሳቀብኝ። ፋብሪካው እሷን መሥራት ከተወ ቆይቷል፤ አሁን ያለችው አሻንጉሊት የሚሰበስቡ ሀብታሞች ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው አለኝ። ምልክቷ ማጅራቷ ላይ ነው፣ ከፀጉሯ ሥር። 317 የሚል ቁጥር አለ። ይህንን የነገረችኝ ወርቄ ራሷ ናት፣ ስለዚህ ሌላ ብትልኪ አትሸነገልም።

ሌላው የጋሼሽ፣ የወርቄ አባት ነገር ነው። መኩሪያ ከግንቦት ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈልኝም። ሥራ በዝቶበት ከሆነ ምንም አይደል። ሹራቡን ግን ይልበስ በይልኝ። ያን ቡናማውን፣ ግራ እጅጌው ላይ ክር አልቆብኝ ጠቆር ያለ የቀጠልኩበትን፣ "የሁለት እናት ልጅ" እያለ የሚስቅብኝን።

አደራሽን።
አሰገደች

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ አሰገደች፣

እንደምን ከረሙልኝ፣ ወርቄስ እንደምን ከረመች፣ ያ ብረት እግሯን አልላጠውም ወይ፣ እኔ እግዜር ባወቀ አለሁ፣ ጽሕፈቴን ይቅር ይበሉኝ አራተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምኩ ያውቃሉ፣ ወረቀትዎ ሲመጣ ፖስተኛው በሰው ፊት ስሜን ጠርቶ "ከጣሊያን" ብሎ ሲጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ጡቴ ሥር ደብቄው ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት።

እትዬ ትልቁ ቤት እኮ የኛ አይደለም አሁን፣ ቀበሌ ወስዶት የሕፃናት መዋያ ሆኗል፣ እኔ ከኋላ ሰርቪሱ ውስጥ ነኝ አላስወጡኝም፣ ልጆቹ የሚተኙት እርስዎ መኝታ ቤት ነው። ሙሽሪት አለች! በመስኮት አየኋት፣ መደርደሪያ ላይ አንድ እጇ ወልቆ ተቀምጣለች፣ ግን እቃው ሁሉ በመዝገብ ነው ያለው እንዴት ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ለማን ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ፣ ውጭ አገር ማን አለሽ ቢሉኝስ።

ጋሼ ደህና ናቸው፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው የማይጽፉት፣ ሹራቡን ለብሰዋል አያስቡ። እኔ እሁድ እሁድ ምሳቸውን አደርሳለሁ፣ ሳህኑም ባዶውን ይመለሳል፣ ስለዚህ ደህና ናቸው።

ወርቄን ጉንጯን ሳሙልኝ፣ አምላክ ከክፉ ይሰውራችሁ።
ታዛዥ ልጅዎ ዘርፌ

*

ሮማ፣ የካቲት 3 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዘርፌ ልጄ፤ ያለሽበት ደጅ ሰላም ይሁን።

የጻፍሽውን አነበብኩ፣ ያልጻፍሽውንም አነበብኩ። ቤቱ ለሚያድር ሰው ምሳ እሁድ እሁድ ብቻ አይደርስለትም።

በፖስታ አትመልሺልኝ። የምታምኚው ሰው ስታገኚ በሰው እጅ ላኪ። ምንም ይሁን ምን እውነቱ ይሻለኛል።

ስለ ሙሽሪት፣ ከፈራሽ ተይው። አንቺም የሰው ልጅ ነሽ፣ ለአሻንጉሊት ብዬ እሳት ውስጥ አልከትሽም። ግን ወርቄ ማታ ማታ ቀን ትቆጥራለች። ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልቻልኩም።

አሰገደች

*

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 15 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰገደች፣ ባሉበት አምላክ ጥላ ይሁንልኝ፣

ይቺን ወረቀት ወይዘሮ ሸምሲያ በቀሚሳቸው ጠርዝ ሰፍተው ነው ይዘውልኝ የሚሄዱት፣ ሃያ ሁለት ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡት፣ ጅቡቲ ያለ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ነው፣ ከዛ ሆነው ይልኩልዎታል፣ ስለዚህ አሁን እውነቱን ልናገር። ዋሽቼዎታለሁ። ጋሼ ታስረዋል። አምና ሰኔ አራት ጠዋት ፊታቸውን እየታጠቡ ሳለ ሰዎች መጡና ወሰዷቸው፣ ፎጣውን ለኔ ሰጥተው "ሻዩን ክደኚው፣ እመለሳለሁ" አሉ፣ ሹራቡን እንደለበሱ ናቸው፣ እሱ እውነት ነው።

ያሉት ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ እስር ቤቱ ነው፣ እስከዛሬ ፊታቸውን አላየሁም፣ እሁድ ስንቅ ይዘን በሩ ላይ እንሰለፋለን፣ ጠባቂዎቹ ምግቡን በእንጨት ወግተው ያዩና ያስገባሉ፣ ያለፈውን ሳህን ባዶውን ይመልሱልናል፣ ባዶ ከተመለሰ ሰውየው አለ ማለት ነው። ለአንዳንዷ ግን "ከዛሬ ወዲያ ስንቅ አታምጪ" ይሏታል፣ ያኔ ሴትየዋ ማልቀስ እንኳ አይፈቀድላትም ድስቷን ይዛ ዝም ብላ ትሄዳለች። እኔን አላሉኝም እትዬ፣ አንድም ቀን አላሉኝም፣ ደሞ የኛ ሳህን ታጥቦ ነው የሚመለሰው፣ የማንም ሳህን አይታጠብም የኛ ብቻ፣ ጋሼ ሳህን ሳያጥቡ እንደማይነሱ እርስዎ ያውቃሉ፣ ሳህኑን ሳየው ያየኋቸው ያህል ነው።

አሁን ስለ ሙሽሪት። ያንን ወረቀትዎን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ጠዋት ሄጄ ለመዋያው መምህርት ለእትዬ ፀሐይነሽ ነገርኳቸው፣ "ያቺን አሻንጉሊት ይስጡኝ" አልኩ።

"የሕዝብ ንብረት ናት" አሉኝ።

"እጇ እኮ ወልቋል"።

"እጇ የወለቀ የሕዝብ ንብረት ናት"።

ልሄድ ስል ጠሩኝ፣ መዝገቡን አወጡና በጣታቸው አሳዩኝ፣ "አሻንጉሊት፣ አንድ" ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። "ፈረንጅ ይሁን ሐበሻ አልተጻፈም" አሉ፣ "አንድ ካመጣሽልኝ አንድ ነው"፣ ፊታቸውን አዙረው ልጆቹን መቆጣት ጀመሩ። እኔም የድሮ ጋቢ ቀድጄ ጥጥ ሞልቼ አንድ ሰፋሁ፣ ዓይኗን በጥቁር ክር ጠለፍኩላት፣ አሁን ልጆቹ በሷ ይጣላሉ፣ ሙሽሪትን ዞሮ የሚያያት አልነበረም። ቤት ወስጄ ፀጉሯን ገልጬ ማጅራቷን አየሁ፣ 317፣ እጄ ላይ እንደ ሰው ልጅ ነው የከበደችኝ።

ግን ተጎድታለች እትዬ፣ ቀኝ እጇ ተንጠልጥሏል፣ አንድ ዓይኗ አይከፈትም፣ ቀሚሷ በስብሷል፣ ፀጉሯ ላይ ልጆቹ ማስቲካ ለጥፈው ሙጫ አፍስሰው እንደ ድንጋይ ሆኗል። ሃያ ሁለት ሐምዛ የሚባል ጃንጥላ ጠጋኝ አለ እሱ ጋ ወሰድኳት፣ "እኔ ጃንጥላ ነው የምጠግነው ሰው አልጠግንም" ብሎ ሳቀብኝ፣ ቢሆንም ከእጄ ተቀበላት። ውስጧ ያለው ላስቲክ ተበጥሶ ኖሯል፣ የመኪና ጎማ ውስጥ ያለ ካላማዳሪ እንደ ክር አቅጥኖ ቆርጦ ከቀኝ እጇ በደረቷ አሳልፎ ግራ እጇ ጋ ወጥሮ አሰረው፣ አሁን ሁለቱም እጆቿ ይነሳሉ። ዓይኗን በስፌት መኪና ዘይት ሦስት ቀን ጠብታ ጠብታ እያደረገ አላቀቀው፣ ጨፍና ስትከፍት እኔም እሱም እየደጋገምን አስተኝተን አየናት። ሆዷ ውስጥ ያለው ድምፅ ብቻ ነው ያልተስተካከለው፣ ድሮ ማማ ትል ነበር አይደል፣ አሁን እንደ በግ ነው የምትለው፣ ሐምዛ "ፋሲካ እየደረሰ ነው ድምጿን ለጎረቤት አታሰሚ" አለኝ።

ፀጉሯና ቀሚሷ ቀርቷል። ለሰኔ ትደርሳለች፣ እምላለሁ ትደርሳለች።

ልጅዎ ዘርፌ

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 6 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰገደች፣ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፣ ለወርቄም ብርታቱን፣

ዛሬ ሙሽሪት ሄደችልዎ! ቦሌ አውሮፕላን ላይ የሚሠሩት ጋሽ ነህምያ የሸምሲያ ጎረቤት ናቸው፣ ለመኑልኝና እሺ አሉ፣ ግን ዛሬ ጠዋት ድንገት በር አንኳኩተው "አሁኑኑ ስጪኝ በረራው ደርሷል" አሉኝ፣ ወረቀት ልጽፍ ስል ደሞ "ወረቀት አልይዝም፣ ፍተሻ ላይ ፊደል ያለበት ነገር ካገኙብኝ እኔም አንቺም አለቀልን" አሉ፣ ስለዚህ ካርቶኑን ብቻ ይዘው ሄዱ፣ ይሄን በፖስታ እየላኩልዎ ነው፣ ከሷ በፊት ይድረስ አይድረስ አላውቅም።

አንድ ነገር አጥፍቻለሁ አይቆጡኝ። ፀጉሯ ላይ ያለውን ሙጫ ሰዎች ላምባ ያስለቅቀዋል ብለውኝ በላምባ አጠብኩት፣ ሙጫውም ለቀቀ ፀጉሩም አብሮ ለቀቀ፣ እፍኝ እፍኝ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ፣ የተረፈው እዚህም እዚያም ቆሞ ሲያስጠላ ጊዜ በምላጭ ላጨሁላት፣ ንጹሕ ሆነች፣ ፀጉር ሠርቼ ኋላ እልካለሁ ብዬ ነበር ጋሽ ነህምያ ጊዜ አልሰጡኝም። ቀሚሷም ነጭ ጨርቅ በኩፖንም ጠፋ፣ ሐምዛ የአዲስ ጃንጥላ ጨርቅ ሰጠኝ፣ ጥቁር ነው ግን እንዴት እንደሚያብረቀርቅ፣ ወገቧን ሸብ አድርጌ ሰፋሁላት ሲያዩዋት የሚኒስትር ሚስት ነው የምትመስለው።

ጋሼ ደህና ናቸው። ባለፈው እሁድም ሳህኑ ታጥቦ ነው የመጣው።

ዘርፌ ነኝ፣ ቸኩዬ ነው

*

ሮማ፣ ግንቦት 15 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዘርፌ ልጄ፤

ነህምያ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ካርቶኑን ሰጠኝ። "ወረቀት የለውም?" አልኩት፣ "የለውም" አለኝ፣ ዓይኔን አላየኝም። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ከፈትኩት። ራሷ ተላጭቷል። ጥቁር ለብሳለች።

ቁጭ አልኩ።

ልጄ፣ ገባኝ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ የእናትሽ ልጅ ነሽ ይህን ታውቂያለሽ። ንጋት ላይ ተሰብስበው ደጄን የሚያንኳኩ ሽማግሎች ደግሞ እስከዚህ ድረስ ልትልኪልኝ አትችይም። ስለዚህ ሙሽሪትን ላክሽልኝ። አንዲት ቃል ሳትጽፊ፣ ማንም ቢፈትሽ ምንም በማያገኝበት መንገድ ነገርሽኝ። ያንን ራስ ስትላጪ፣ ያንን ጥቁር ስትሰፊ ብቻሽን እንዴት እንደሆንሽ እያሰብኩ አለቀስኩ። ለመኩሪያ ካለቀስኩት የበለጠ ላንቺ ሳላለቅስ አልቀረሁም።

እዚህ ያሉት የአገር ሰዎች መጥተው ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። ፀጉሬን ተላጨሁ። ወርቄ ሙሽሪትን አቅፋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች፤ "ሙሽሪትም አባቷ ሞተ?" አለችኝ። ለሐኪሙ ቀኑን ይተውልን ብያለሁ። በዚህ ልብ ልጅ አስቀድጄ በር ላይ መቆም አልችልም።

አንቺም ከእንግዲህ እሁድ ቤትሽ እረፊ። ስንቅ አታመላልሺ። በዚያ በር መቆም ይበቃሻል። ያንቺን ወጣትነት እግዚአብሔር ይካሰው።

እናትሽ አሰገደች

*

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1971 ዓ.ም.

እትዬ ጋሼ አሉ። አሉ። ሰላምታውን ኋላ አደርሳለሁ መጀመሪያ ይሄን ያንብቡ፣ ጋሼ አልሞቱም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ላምባው ነው ያጠፋው፣ እኔ ምን አስቤ መርዶ እልካለሁ፣ እኔ እኮ ውብ ሆነችልኝ ብዬ ነው የላክኋት። ወረቀትዎ የደረሰኝ ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ሳነበው እሳት ላይ የጣድኩት ድስት አርሮ ጎረቤት ነው ያወጣልኝ። ራስዎን በእጄ የላጨሁ ያህል ነው የተሰማኝ። በፖስታ የላክሁት አልደረሰም ማለት ነው፣ ቢደርስስ ያምኑኛል ወይ፣ ሰው እኮ ለመርዶ ሁልጊዜ ደህና ናቸው ነው የሚለው፣ ምን ብዬ ብጽፍ ያምኑኛል እያልኩ አራት ቀን እንጀራ አልወርድልሽ አለኝ።

እሁድ ስንቄን ይዤ ሄድኩ፣ አልቀረሁም፣ ቅሪ ቢሉኝም አልቀርም። ሳህኑን ስሰጥ ለጠባቂው ተናገርኩ፣ እትዬ እኔ፣ ዓመት ሙሉ መሬት መሬት እያየሁ የቆምኩት፣ "ጌታዬ ለመኩሪያ ረታ አንድ ነገር ይንገሩልኝ" አልኩ። ከኋላዬ ያለችው ሴት ነጠላዬን ጎተተችኝ።

"ምን?" አለኝ።

"ሙሽሪት ራሷን ተላጭታ ጥቁር ለብሳ ሮማ ደረሰች፣ እትዬም አይተው ተላጩ ይበሉልኝ"።

"ሙሽሪት ማናት?"

"አሻንጉሊት ናት ጌታዬ"።

አየኝ አየኝና ሳቀ፣ ለጓደኛው "ዛሬ ደግሞ ለአሻንጉሊት የሚያለቅሱ መጡልህ" አለው፣ "ሂጂ ከዚህ" አለኝ፣ ሄድኩ። ላምበረት ጋ ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ምን ሆኜ ነው የተናገርኩት፣ ከነገ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ ቢሉኝ ገዳያቸው እኔ ነኝ አልኩ።

በሳምንቱ ተሰለፍኩ፣ ስም ተጠራ ተጠራ የኛ አልተጠራም፣ ሰው ሁሉ ሳህኑን ተቀብሎ ሄደ፣ እኔና አንዲት አሮጊት ቀረን፣ አሮጊቷም ተጠሩ። ብቻዬን ስቀር እሱ ጠባቂ ወጣ፣ ሳህኑን በጨርቅ ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠ፣ "አባትሽ ፀጉር ሠሪ ሆነልሽ" ብሎኝ ተመለሰ። ጥግ ይዤ ፈታሁት። ውስጡ ፀጉር ነው እትዬ፣ በክር የተሠራ ፀጉር፣ ከላይ እንደ ቆብ በኪሮሽ ተሠርቶ ዙሪያውን ክሩ ተንጠልጥሏል፣ እዛ ውስጥ ሁሉም ኪሮሽ ይሠራሉ ይባላል። ቡናማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ያለው ብቻ ጠቆር ይላል፣ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም ክር አልቆባቸው ይሆናል። ሳህኑ ታጥቧል።

ጋሽ ነህምያ አሁን ወረቀትም እይዛለሁ አሉኝ፣ ወረቀት የለውም ሲሉዎ ፊትዎ ሲጠቁር አይተው እሳቸውም መርዶ ያደረሱ መስሏቸው ነው ዓይንዎን ያላዩት፣ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም አሉ። ፀጉሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እባክዎ ጥቁሩን ያውልቁ፣ የወርቄንም ቀን ለሐኪሙ ይንገሩት፣ እባክዎ።

ያጠፋሁት ልጅዎ ዘርፌ

*

ሮማ፣ መስከረም 4 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርፌ፤ አዲሱ ዓመት በዚያ በር የቆሙትን ሁሉ ደስ በሚያሰኝ ነገር ይጥራቸው።

ይህን የምጽፍልሽ ሆስፒታል ሆኜ ነው። ወርቄ ከተቀደደች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ ጠዋት ጣቶቿን አንቀሳቅሺ አላት፣ አንቀሳቀሰች። ሙሽሪት ከጎኗ ተኝታለች። ነርሶቹ ሲያገላብጧት እንደ በግ ስትል ክፍሉ ሁሉ ይስቃል።

ያጠፋሁት አትበዪኝ። ነህምያ የሰጠኝን ጨርቅ ስፈታ አንቺ የጻፍሽውን ገና አላነበብኩም ነበር። ማንበብም አላስፈለገኝም። ያንን ክር እኔ ነኝ የገዛሁት፣ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ በጣቴ አውቀዋለሁ። ግንባሯ ላይ ጠቁሮ ያልገባሽ ክር፣ እሱ የሹራቡን ግራ እጅጌ ተርትሮ ያወጣው፣ ከክርኑ በታች እኔ የቀጠልኩት ነው። ሆን ብሎ ፊት ለፊት አደረገው፣ ዓይኔ መጀመሪያ እንዲያርፍበት። "የሁለት እናት ልጅ" ብሎ ሲስቅብኝ ሰማሁት። መርዶም ቢሆን፣ ደብዳቤም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን ከዚህ በላይ ሊያሳምነኝ አይችልም ነበር። ጥቁሩን እዚያው ቆሜ አወለቅሁት።

የተተረተረ ክር ቀጥ አይልም፣ ታውቂያለሽ። ሙሽሪት ድሮ ፀጉሯ እንደ ፈረንጅ ለስላሳ ነበር፣ አሁን ከርዳዳ ሆነ። ወርቄ አልከፋትም፤ "አሁን እኔን መሰለች" ብላ ሹሩባ ሠራቻት። ባለፈው ለዚያ ሽማግሌ ባለሱቅ ወስጄ አሳየኋት። ቁጥሯን አይቶ ዓይኑ በራ፣ ፀጉሯን ሲያይ ደግሞ ራሱን ነቀነቀ፣ "አበላሻችኋት፣ አሁን ማንም ሰብሳቢ አይፈልጋትም" አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ተመለስኩ።

የኔም ፀጉር አንድ ጣት ያህል ወጥቷል።

እሁድ ቤትሽ እረፊ ያልኩሽን እርሺው። እግርሽ ይባረክ፣ አታቋርጪ። ነህምያ ይዞልሽ የሚመጣው ጥቅል ውስጥ ቡናማ ሹራብ አገኛለሁ ብለሽ አትጠብቂ፣ ሹራብ አይደለም። ወርቄ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ የሠራሁት አንድ እጅጌ ነው፣ ሌላ የለውም፣ ጎድሏል ብለሽ እንዳትፈልጊ። የትከሻውን ጫፍ ክፍት ትቼዋለሁ፣ እሱ ራሱ ይቀጥለው። ከሳህኑ ጋር አስገቢለት።

ግራው ነው።

አሰገደች